ቃሉን ከነቁጥሩ ያዢ፦ የፀረ-ሚሳኤል ሙከራ ቃላትን ለምታጠና የጎንደር ተማሪ

ጥያቄሽ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ስለ ፀረ-ሚሳኤል መከላከያ ልማትና ሙከራ የሚወጡ የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርቶችን ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ አንድ ደብተር ሙሉ ቃል ሰብስበሻል፤ አዲስ ሪፖርት በከፈትሽ ቁጥር ግን ቃላቱ ይምታቱብሻል። «በዚህ ሙያ የመቀጠር ዕድል አለኝ ወይ? ከሌለኝስ ደብተሩን ልዝጋው?» ብለሻል።

ደብተሩን አትዝጊው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ግን መራራ ነውና ሳንሸፋፍን እንንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች «ኢታር» በሚባለው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ደንብ ይገዛሉ። ደንቡ አንድን ቴክኒካዊ ንድፍ ለውጭ ዜጋ ማሳየትን ንድፉን ወደ ውጭ አገር ከመላክ እኩል ያየዋል። የተለየ ፈቃድ ሳይጠየቅላቸው ሰነዱን ማየት የሚችሉት የአገሪቱ ዜጎች፣ ቋሚ ነዋሪዎችና በሕግ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ናቸው። የምስጢር ሰነድ ለመያዝ የሚያበቃው የደኅንነት ማረጋገጫ ደግሞ በመደበኛው አሠራር ለዜጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከጎንደር ሆነሽ ለእነዚህ ድርጅቶች ሲቪ በመላክ ጊዜሽን አታጥፊ።

ደብተርሽ ውስጥ ካሉት ቃላት ግን አብዛኞቹ የሚሳኤል ብቻ አይደሉም። ሬንጅ ጌት፣ ትራክ (የአንድ ዒላማ የክትትል መስመር)፣ ቴሌሜትሪ (ከሩቅ መሣሪያ በሬዲዮ የሚላክ ልኬት)፣ ሲግናል-ቱ-ኖይዝ፣ ሃርድዌር-ኢን-ዘ-ሉፕ፣ ቬሪፊኬሽን፣ ቫሊዴሽን የራዳር፣ የቁጥጥር ምህንድስናና የሶፍትዌር ፍተሻ ቃላት ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ብትቀጠሪም፣ የሳተላይት ጣቢያ ብትገቢም እነዚሁ ይጠብቁሻል።

የሚምታቱብሽ ቃሉን ከትርጉሙ ጋር ብቻ ስለያዝሽው ይመስለናል። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈዪው፦ ቃሉ፣ የሚለካበት አሃድና የተለመደ መጠኑ፣ የሚለካበት መሣሪያ፣ ሲበላሽ የሚታየው ምልክት። ሁለተኛውን ዓምድ መሙላት ካቃተሽ ቃሉን ገና አላወቅሽውም ማለት ነው። «ሬንጅ ሪዞሉሽን»ን ውሰጂ። ራዳሩ በአንድ አቅጣጫ ፊትና ኋላ ያሉ ሁለት ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት የሚችልበት ትንሹ ርቀት ነው፤ የብርሃን ፍጥነት ለባንድዊድዝ (ምልክቱ ለሚይዘው የድግግሞሽ ስፋት) እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። በ1 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ 150 ሜትር ይሆናል፣ በ1 ጊጋኸርዝ ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር። ይህን ስሌት አንዴ ከሠራሽ፣ በ400ዎቹ ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ራዳሮች ዒላማን ከሩቅ ቢያገኙም ለምን አጥርተው መለየት እንደሚቸግራቸው፣ የመለየቱ ሥራም ለምን ከ8 እስከ 12 ጊጋኸርዝ ላለው ኤክስ ባንድ እንደሚሰጥ ይገባሻል። በዝቅተኛው ድግግሞሽ ላይ 1 ጊጋኸርዝ ባንድዊድዝ ከየትም አይመጣም።

ስለ ቁጥር ይህን ያህል የምንወተውትሽ በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ባትሪ (ራዳርና ፀረ-ሚሳኤል ሚሳኤሎች ያሉት የአሜሪካ የመከላከያ ክፍል) ወደ እርሱ የመጣውን የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል ሳይተኩስበት ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። ሥርዓቱ ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ አስረኛ ሰከንድ ነበር፤ ቆጠራውን ወደ ሰከንድ ለመለወጥ በ0.1 ያባዛል። 0.1 በባይነሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲጻፍ ማለቂያ የለውም። በ24 ቢት ሬጅስተር ውስጥ ተቆርጦ ሲቀመጥ በያንዳንዱ ቆጠራ 0.000000095 ሰከንድ ያህል ይጎድላል። 100 ሰዓት ማለት 3,600,000 ቆጠራ ነው፤ ጉድለቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ይደርሳል።

ሬንጅ ጌት ደግሞ ራዳሩ ዒላማው በሚቀጥለው ቅጽበት እዚህ ይገኛል ብሎ አስልቶ የሚጠብቅበት የርቀት ክልል ነው። የሰዓቱ ስሕተት ይህን ክልል ከቦታው አንሸራተተው፦ ከ8 ሰዓት ተከታታይ ሥራ በኋላ 55 ሜትር፣ ከ20 ሰዓት በኋላ 137 ሜትር፣ ከ100 ሰዓት በኋላ 687 ሜትር። የዳህራኑ ባትሪ ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ስለሠራ ስከዱን በሌለበት ቦታ ፈለገው፤ ሲያጣውም የመጀመሪያውን ምልክት እንደ ሐሰተኛ ቆጥሮ ተወው።

ችግሩ ሳይታወቅ ቀርቶ አልነበረም፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ፓትሪዮትን ይጠቀሙ የነበሩት እስራኤላውያን ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከ8 ሰዓት ሥራ በኋላ ጌቱ 20 በመቶ መንሸራተቱን አሳውቀው ነበር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን ለተጠቃሚዎች የተላከው መልእክትም በጣም ረጅም የሥራ ጊዜ ጌቱን ሊያንሸራትት እንደሚችል ይገልጻል። በጣም ረጅም የተባለው ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን መልእክቱ ውስጥ የለም። ሥርዓቱን አጥፍቶ ማብራት ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሰው ነበር። የተስተካከለው ሶፍትዌር ዳህራን የደረሰው በማግስቱ፣ ፌብሩዋሪ 26 ነው።

ይህን ስሌት በራስሽ እጅ ሥሪው። ኦክቴቭ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። 0.1ን በ2 ኃይል 23 አባዢ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ቁረጪ፣ መልሰሽ በ2 ኃይል 23 አካፍዪ፣ ውጤቱን ከ0.1 ቀንሺ። በ2 ኃይል 24 ካባዛሽ 0.000000036 ያህል ይወጣልና ከታወቀው ቁጥር ጋር አይገጥምም። ከ24ቱ ቢቶች አንዱ ከነጥብ በኋላ ላለው ክፍል ስለማይውል ነው።

አሁን ወደ ሙከራ ቃላት። የባሊስቲክ ሚሳኤል ጉዞ በሦስት ይከፈላል። ቡስት ሮኬቱ የሚነድበት ነው፤ ለአህጉር ተሻጋሪ ሚሳኤል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሚድኮርስ ከከባቢ አየር ውጪ ያለው ጉዞ ነው፣ 20 ደቂቃ ያህል። ተርሚናል የመጨረሻው ቁልቁለት ሲሆን የሚለካው በሰከንዶች ነው ማለት ይቻላል። «ዲስክሪሚኔሽን» (እውነተኛውን አረር ከማታለያው መለየት) የሚባለው ቃል በሚድኮርስ የሚከብድበትን ምክንያት አርሶ አደር ቤተሰብ ያለው ሰው ቶሎ ይረዳዋል፦ አውድማ ላይ ፍሬው ከገለባው የሚለየው ነፋስ ስላለ ነው። ሕዋ ላይ ነፋስ የለም። ከፕላስቲክ የተሠራ ፊኛና ከባዱ አረር እኩል ፍጥነት ይዘው ጎን ለጎን ይበርራሉ፤ የሚለያዩት ተርሚናል ላይ አየሩ ሲያገኛቸው ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው አልቋል።

ሪፖርት ላይ ሰውን ይበልጥ የሚያሳስቱት የውጤት ቃላት ናቸው። ኤፍቲጂ የሚል የሙከራ ስም ካየሽ ከምድር የሚወነጨፈው ጠላፊ (የሚመጣውን ሚሳኤል ለመምታት የሚተኮሰው ሚሳኤል) የበረራ ሙከራ ነው፤ ኤፍቲኤም ኤጂስ የተባለውን መከላከያ የያዙት መርከቦች፣ ኤፍቲቲ ታድ የተባለው የየብስ መከላከያ ሙከራ ነው። ሲቲቪ ከሆነ ዒላማ የመምታት ዓላማ የለውም፣ የጠላፊውን አሠራር ብቻ ይፈትሻል። ከቁጥሩ በኋላ ፊደል ከተጨመረ ያው ሙከራ እየተደገመ ነው። በሜይ 2007 ኤፍቲጂ-03 ላይ ዒላማ የነበረው ሚሳኤል ራሱ ተበላሽቶ መድረስ ካለበት ቦታ ሳይደርስ ቀረ፤ ጠላፊውም አልተተኮሰም። ይህ «ኖ ቴስት» ተብሎ ተመዘገበ። ክሽፈትም ስኬትም አይደለም፣ ስለ ጠላፊው የሚነግርሽ ነገር የለም። የስኬት መቶኛ የሚያሰላ ጽሑፍ ስታነቢ ይህን ከየትኛው ወገን እንደቆጠረው ተመልከቺ።

ተከታታዩን አንብቢ፣ አንዱን ብቻ ነጥለሽ አትያዢ። በዲሴምበር 2010 ኤፍቲጂ-06ኤ ከሸፈ። ምክንያቱ የመግደያው ተሽከርካሪ (ከሮኬቱ ተላቅቆ ዒላማውን በግጭት የሚያጠፋው የጠላፊው ክፍል) ትንንሽ ሮኬቶች የፈጠሩት ንዝረት የእንቅስቃሴ መለኪያውን ማሳሳቱ ነበር። ማስተካከያው በጃንዋሪ 2013 ያለ ዒላማ፣ በሲቲቪ በረራ ተፈተሸና ሠራ። በዚያው ዓመት ጁላይ ኤፍቲጂ-07 በሌላ ምክንያት ከሸፈ፤ ተሽከርካሪው ከማስወንጨፊያው ሮኬት አልተላቀቀም። ኤፍቲጂ-06ቢ የተሳካው በጁን 2014 ነው። ዳርቻው ላይ «ክሽፈቱ በየትኛው ክፍል? በየትኛው ቅጽበት? በቀድሞው ምክንያት ወይስ በአዲስ?» ብለሽ ጻፊ። የሙከራ መሐንዲስ የሚያነበው እንዲህ ነው።

«ፕሮባቢሊቲ ኦፍ ኪል»ም (ጠላፊው ዒላማውን የማጥፋት ዕድል) ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ጠላፊ 0.7 ዕድል አለው እንበል። ሁለት ሲተኮሱ 0.91፣ አራት ሲተኮሱ ከ0.99 በላይ ይሆናል ብለው ብዙዎች ያሰላሉ። ስሌቱ የሚሠራው የአንዱ ክሽፈት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት መለኪያ ይዘው አንድ ዓይነት ንዝረት ካገኛቸው አራቱም አብረው ይስታሉ።

ለመመረቂያ ፕሮጀክት የምንመክርሽ አልፋ-ቤታ ፊልተር ነው፦ ከተዛቡ ልኬቶች የዒላማውን ቦታና ፍጥነት ገምቶ ቀጣዩን ቦታ የሚተነብይ ቀላል ስሌት፤ አልፋ የቦታውን፣ ቤታ የፍጥነቱን ግምት በምን ያህል እንደሚያርም ይወስናሉ። ይበልጥ ከተወሳሰበው ካልማን ፊልተር በፊት ይህን ሥሪ። በቀጥታ መስመር በሰከንድ 200 ሜትር የሚበርር አውሮፕላን፣ በየ5 ሰከንዱ የሚመጣ ልኬት፣ 100 ሜትር መደበኛ ልይይት ያለው ኖይዝ (ልኬቱን የሚያዛባ የዘፈቀደ ስሕተት) ፍጠሪ። አልፋን 0.5፣ ቤታን 0.167፣ ጌቱን በሁለቱም በኩል 300 ሜትር አድርጊው። ሦስት እጥፍ ስለሆነ ይበቃል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ ሆኖም አንዳንድ ትክክለኛ ልኬቶች ከጌቱ ውጪ ይወድቃሉ፣ ምክንያቱም የትንበያው ስሕተት በኖይዙ ላይ ይደመራል። ከዚያ አውሮፕላኑ በያንዳንዱ ሰከንድ 10 ሜትር በሰከንድ እንዲፈጥን አድርጊ። የትንበያው መዘግየት ወደ 1,500 ሜትር ያመራል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት ትራኩ ይጠፋል። ጌቱን አስፍተሽ ለማዳን ስትሞክሪ ደግሞ ሐሰተኛ ልኬቶች ይገባሉ። ሪፖርቱን እንደ ሙከራ ሪፖርት ጻፊው፣ የስኬት መመዘኛውንም ፕሮግራሙን ከማስኬድሽ በፊት በቁጥር አስቀምጪ። መመዘኛ ከውጤት በኋላ ከተጻፈ ዋጋ የለውም።

ከአዘዞ የሚነሱና የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የ1090 ሜጋኸርዝ ምልክት በትንሽ ሪሲቨር መቀበልም ጥሩ ፕሮጀክት ነው፤ የሩብ ሞገድ አንቴናው 6.9 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ብቻ ነው። ሆኖም በግልሽ አትጀምሪው። የሬዲዮ መሣሪያ ማስመጣትና አንቴና ማቆም ፈቃድ ያስጠይቃል፤ ባለንበት የጸጥታ ሁኔታም ጣሪያ ላይ አንቴና የምትተክል ተማሪ ያለ ደብዳቤ ራሷን ማስረዳት ይከብዳታል። በትምህርት ክፍልሽ ስም፣ ማኅተም ባለው ደብዳቤ ካልሆነ ይቅርብሽ።

ሥራን በተመለከተ መጀመሪያ የምናይልሽ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ነው፤ የአየር ናቪጌሽን መሣሪያዎችን የሚጠግኑና የሚፈትሹ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ትራክን፣ የመለኪያ ማስተካከያንና (ካሊብሬሽንንና) የቬሪፊኬሽን ሰነድን በየቀኑ ይነካሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ክፍልም እንዲሁ። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ከተወነጨፈችው ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ወዲህ ቴሌሜትሪ የሚያነብ ሰው የሚፈልግ ቤት ሆኗል፤ ቦታው ግን ጥቂት ነው፣ በእርሱ ብቻ አትተማመኚ። የመከላከያ ተቋማት የራሳቸው የቅጥር መንገድና ግዴታ ስላላቸው ከመፈረምሽ በፊት የአገልግሎት ዓመቱን ጠይቂ። ሁሉም ቦታ የመውጫ ፈተና ውጤት ይጠየቃል፤ ፕሮጀክቱ የፈተናውን ዝግጅት እንዳይበላብሽ።

ለማስተርስ ወደ ውጭ ስታመለክቺ አንድ ነገር አስቢ። እንግሊዝ በተወሰኑ የምህንድስና ዘርፎች ለሚያመለክቱ የብዙ አገሮች ተማሪዎች ከቪዛ በፊት «ኤታስ» የሚባል የደኅንነት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የአሜሪካ ቪዛም በእነዚህ መስኮች ለተጨማሪ ማጣሪያ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከጊዜው ቀድመሽ ጀምሪ። ያነበብሽውን አትደብቂ፣ ቅጹንም በሐሰት አትሙዪ፤ የምትፈልጊው ትምህርት የራዳር ሲግናል ፕሮሰሲንግ ከሆነ ግን «ሚሳኤል እወዳለሁ» ከማለት እርሱን በስሙ ጥሪው።

የኢንተርንሺፕ ደብዳቤሽን እስካሁን ካላስገባሽ በዚህ ሳምንት አስገቢ። ለአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ የሚጻፈው ላይ «በኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ» ብቻ ከሚል «በናቪጌሽንና መገናኛ መሣሪያዎች ጥገናና ፍተሻ» እንዲል የትምህርት ክፍሉን አስተባባሪ ለምኚ፤ ጥቅል ደብዳቤ የያዘ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው።