የባክቴሪያ ፕሮቲን የተጨመረበት የዓሣ ክትባት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ቲላፒያ አረባለሁ። ዓሣዎቼ ክብ እየሠሩ ይዋኛሉ፣ ዓይናቸው ያብጥና ይወጣል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ጫጩቶቹን ክትባት ውስጥ ነክረናቸው ነበር፤ ሞቱ ግን አልቆመም። አሁን የባክቴሪያ ፕሮቲን የተጨመረበት ክትባት እየመጣ ነው ይባላል። ባክቴሪያ ራሱ በሽታ አይደለም ወይ? እሱን ልጠብቅ?

መልስ፦ ፕሮቲኑን አይፍሩት። ከባክቴሪያው ተነጥሎ የወጣ ቁራጭ እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ስላልሆነ አይራባም፣ በሽታም አያስይዝም። በብዛት የሚጠናው ፍላጀሊን የሚባለው ነው። ባክቴሪያ የሚዋኝበት ቀጭን ጭራ የሚሠራው ከእሱ ነው። የዓሣ ሕዋሳት ላይ ቲኤልአር 5 የሚባል ተቀባይ አለ፤ ፍላጀሊንን ሲያገኝ ወራሪ መጣ ብሎ የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል።

ይህ ለምን አስፈለገ? ከጀርሙ አንድ ክፍል ብቻ ተወስዶ የሚሠራ ክትባት ደኅንነቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ሲሰጥ የዓሣው ሰውነት ችላ ይለዋል። ፍላጀሊን እዚህ ላይ እንደ ደወል ነው፤ ሌባው ማን እንደሆነ የሚነግረው ግን የጀርሙ ቁራጭ ነው። ሁለቱን አያይዞ እንደ አንድ ፕሮቲን ማምረትም ይቻላል። በሳልሞን እርባታ እስካሁን ይህን የማነቃቃት ሥራ በዋናነት የሚሠራው ዘይት ነው። ዘይቱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መከላከያ ይሰጣል፤ ሆኖም ሆድ ውስጥ ስለሚወጋ የውስጥ አካላት እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፣ እድገትንም ሊቀንስ ይችላል። ዓሣው ሳይጎዳ የሚነቃቃበት መንገድ መፈለጉ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በተስፋ ነው የምከታተለው።

ያም ሆኖ አይጠብቁት። የዚህ ዓይነት ክትባት በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። ደግሞም የእርስዎ ችግር የደወል ማነስ ላይሆን ይችላል።

የነገሩኝ ምልክት ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል፤ ጀርሙ አንጎል ውስጥ ስለሚገባ ነው ዓሣው የሚዞረው። ቲላፒያን የሚያጠቁት በተለይ አጋላክቲኤ እና ኢኒኤ የሚባሉት ሲሆኑ በዓይን አይለዩም። አጋላክቲኤ ራሱ ደግሞ የተለያዩ ዓይነቶች አሉት፤ ቲላፒያ ላይ የሚታወቁት «1ኤ»፣ «1ቢ» እና «3» የሚባሉት ናቸው። ለአንዱ የተሠራ ክትባት ሌላውን ላይከላከል ይችላል፤ ምንም ዓይነት ፕሮቲን ቢጨመርበት ይህን አይለውጠውም። መንከርም ቢሆን ለሁሉም በሽታ እኩል አይሠራም። በ1976 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው የዓሣ ክትባት ትራውት የሚባለውን ዓሣ ከቀይ አፍ በሽታ የሚከላከል ነበር፤ እሱ በመንከር ጥሩ ይሠራል። ለስትሬፕቶኮከስ ግን መርፌ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው።

ጫጩቶቹ ሲነከሩ ቀድመው ተይዘው ከነበረም ክትባቱ አያድናቸውም። የዓሣ ሰውነት ሙቀት የሚከተለው ውኃውን ስለሆነ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ መከላከያው ቀስ ብሎ ነው የሚገነባው፤ ስለዚህ ከበሽታው ወቅት በቂ ጊዜ ቀድመው ይከትቡ።

አሁን የሚያስፈልገው ምርመራ ነው። ምልክት እያሳየ ገና ያልሞተ ዓሣ ይምረጡ፤ ሞቶ የተንሳፈፈ ናሙና አይሆንም፣ ሌላ ባክቴሪያ ይወርሰዋል። በበረዶ አቀዝቅዘው፣ ግን ዓሣው ራሱ በረዶ እንዲሆን ሳያደርጉ፣ በዕለቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ፤ አንጎሉና ኩላሊቱ ይመርመር። ኢኒኤ በእጅ ቁስል በኩል ሰውንም ስለሚይዝ ጓንት ያድርጉ። ውጤቱ ሲደርስዎ ጀርሙንና ዓይነቱን ይዘው ክትባት ሻጩን ይጠይቁ፦ «ይህኛውን ይከላከላል?»