«መንግሥት ተዘግቷል» ብለው ቀጠሮ እንዳይቀሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሜሪላንድ ከመጣሁ ትንሽ ቆይቻለሁ። በጀት አልጸደቀም ተብሎ የአሜሪካ መንግሥት ሲዘጋ የፌዴራል ፖሊስና የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ሥራ ያቆማሉ የሚባለው እውነት ነው? ደመወዝ ያልተከፈለው ኦፊሰር ሰው መያዝስ ይችላል? አንድ ጓደኛዬ በ2019 የፍርድ ቤት ቀጠሮው በሻትዳውን ምክንያት ተላልፎለታል። የምጠይቀው ለጠቅላላ እውቀት ያህል ነው።

መልስ፦ የፌዴራል ፖሊስ ሥራ አያቆምም። ደመወዙ የዘገየበት ኦፊሰርም ሰው መያዝ ይችላል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎት። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያልተፈቀደለትን ገንዘብ ማውጣት አይችልም። ክልከላውን የያዘው ሕግ ግን የሰው ሕይወትና ንብረት ለአደጋ የሚጋለጥበትን ሥራ ለይቶ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ኤፍ.ቢ.አይ፣ የድንበር ጠባቂዎች፣ የኤርፖርት ፈታሾች፣ የወህኒ ቤት ጠባቂዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ ደመወዛቸው ወደ ኋላ ታስቦ እንዲከፈላቸው ያዛል። ሥልጣናቸው በደመወዝ ቀን አይወሰንም። አይስን (ሰው የሚይዘውንና ከአገር የሚያስወጣውን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) በተመለከተማ፣ በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ወደ 75 ቢሊዮን ዶላር መድቦለታል። ይህ ገንዘብ ከዓመታዊው በጀት ውጪ ነው። የሞንትጎመሪና የፌርፋክስ ካውንቲ ፖሊሶች የሚተዳደሩት በየካውንቲያቸው በጀት ስለሆነ የትራፊክ ቅጣትዎም ይቀጥላል። የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን የሚያየው ዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ በአብዛኛው የሚሠራው እኛ በምንከፍለው የማመልከቻ ክፍያ ነው። የጥገኝነት ኢንተርቪውና የወርክ ፐርሚት ሥራ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ከሚቆሙት አንዱ በሌበር ዲፓርትመንት በኩል የሚያልፈው የአሠሪ ማመልከቻ ነው፤ በኦክቶበር 2025 ለሳምንታት ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። «ለጠቅላላ እውቀት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ኪሱ ውስጥ የቀጠሮ ወረቀት አለ። ወንድሜ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለዎት? ወይስ ቀጠሮው አልፏል? እና ከሜሪላንድ ሲወጡ አዲሱን አድራሻዎን ለፍርድ ቤቱ አስመዝግበዋል? ይህን ሦስተኛውን በደብዳቤዎ ላይ ፈልጌ አጣሁት። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ጓደኛዎ አልዋሸም። ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በቆየው የ35 ቀን መዘጋት፣ እስር ላይ ያልሆኑ ሰዎች ቀጠሮ በአስር ሺዎች ተሰርዟል። የታሰሩት ግን ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ችግሩ ይህ ትዝታ በማኅበረሰባችን እንደ ሕግ መያዙ ነው። በ2025ቱ የ43 ቀን መዘጋት የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች እስር ላይ ያልሆኑትንም ጉዳይ ማየት ቀጥለው ነበር። የ2019ኙን አስታውሶ ቤቱ የቀረ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችል ነበር ማለት ነው።

በሌሉበት የሚሰጥ የመባረር ትእዛዝ ምን እንደሆነ ብዙዎች አይረዱትም። ዳኛው የጥገኝነት ታሪክዎን አይሰማም። ጥሪው በአግባቡ እንደተላከና ከአገር የማስወጣት ምክንያት እንዳለ የመንግሥት ጠበቃ ካሳየ ትእዛዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። መዘዙም አለው። ከቀጠሮ መቅረት የሚያስከትለውን በሚገባዎት ቋንቋ ተነግሮዎት ከነበረ፣ ለ10 ዓመት ከብዙ መፍትሔዎች ይታገዳሉ። የአሜሪካ ዜጋ ቢያገቡ እንኳ እዚሁ ሆኖ ግሪን ካርድ መጠየቅ ከታገዱት አንዱ ሊሆን ይችላል።

ትእዛዙን ለማስነሳት ሁለት ዋና በሮች አሉ። አንደኛው በ180 ቀን ውስጥ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ማሳየት ነው። ሕጉ የሚጠቅሳቸው እንደ ከባድ ሕመም፣ እንደ ወላጅ፣ የልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሞት ያሉትን ነው። «መንግሥት የተዘጋ መስሎኝ» የሚለው ከእነዚህ ጎን የሚቆም አይደለም። ሁለተኛው «ጥሪው አልደረሰኝም» ማለት ሲሆን የጊዜ ገደብ የለውም። ሰው ሁሉ የሚተማመነው በዚህ ነው። የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ምክንያቱም ጥሪው እርስዎ በመጨረሻ ወደ ሰጡት አድራሻ ከተላከ ሕጉ እንደደረሰዎት ይቆጥረዋል። ሜሪላንድ ካለው የድሮ ቤትዎ የፖስታ ሳጥን ሌላ ተከራይ አውጥቶ ቢጥለውም ያው ነው። ከዚህ የባሰም አያለሁ። ቅጹን የሞላላቸው አስተርጓሚ የራሱን አድራሻ ጽፎላቸው የማያውቁ አሉ። ድሮ አንድ ጊዜ የቀጠሩት ጠበቃ በመዝገቡ ላይ እንዳለ የረሱም አሉ። ለእሱ የተላከ ጥሪ ለእርስዎ እንደተላከ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የራስዎን ወረቀት አውጥተው አድራሻ የሚለውን ሳጥን በዓይንዎ ይዩት። እባክዎ ይህን ለነገ አይበሉት።

አድራሻ ሲቀየር ሁለት ቦታ ይነገራል። ለፍርድ ቤቱ ኢ.ኦ.አይ.አር 33 የሚባለው ቅጽ በ5 ቀን ውስጥ፣ ለዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ ደግሞ ኤ.አር 11 በ10 ቀን ውስጥ ይገባል። አንዱ ለሌላው አያደርስም። ለፖስታ ቤት መንገርም ሁለቱን አይተካም። ዘግይተው ከሆነ ዛሬ ያስገቡ፤ የላኩበትን ማረጋገጫም ያስቀምጡ።

ቀጠሮው ገና ከሆነ፣ በኤ ነምበርዎ (በኢሚግሬሽን ወረቀትዎ ላይ በA ፊደል የሚጀምረው የመዝገብ ቁጥር) የፍርድ ቤቱን አውቶማቲክ የስልክ መስመር ወይም ድረ ገጽ ይመልከቱ። ዋዜማውንም ደግመው ይዩ። የመተላለፊያ ማስታወቂያ በጽሑፍ ካልደረሰዎት በቀኑ ይሂዱ። በሩ ተዘግቶ ቢያገኙት ማስታወቂያውን ከነቀኑ ፎቶ ያንሱ። የአይስ ቼክ ኢን (አይስ ቢሮ ቀርቦ የመታየት) ቀጠሮ ካለዎት ግን ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። እዚያ የሚያዙ ሰዎች ስላሉ መዝገብዎን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ማየት አለበት። መቅረትም የራሱ መዘዝ አለውና ሁለቱን የሚመዝንልዎት ጠበቃ ነው።

ቀጠሮው ካለፈ አይደበቁ፤ ብቻዎን ወደ አይስ ቢሮም አይሂዱ። በሌሉበት የወጣን ትእዛዝ ለማስነሳት የሚቀርብ ማመልከቻ ዳኛው እስኪወስን ማባረሩን ያግዳል፤ ግን በትክክል መዘጋጀት አለበት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሉ አንድ ነው። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም በፍርድ ቤቱ እውቅና ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተወካይ ይፈልጉ። የመጀመሪያውን የክስ ወረቀት፣ የቀጠሮ ማስታወቂያዎችን ከነፖስታቸው (ማህተሙ ላይ ያለው ቀን ይጠቅማል)፣ የሁለቱንም ቤት የኪራይ ውል፣ ያመለከቱበትን የጥገኝነት ፋይል ሙሉ ኮፒ ይያዙ።

ይህ ጽሑፍ ጠቅላላ መረጃ ነው፤ መዝገብዎን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ሲጽፉልኝም ኤ ነምበርዎንና የጉዳይዎን ዝርዝር በኢሜይል አይላኩ። የሚያማክርዎት ጠበቃ ፊት ብቻ ያውጡት።