ካሜራው ይቆይ፣ መጀመሪያ ዕቃውን እዩት

ጅማ ውስጥ ማርኬቲንግ እንሠራለን የምትሉ ልጆች በዝታችኋል፤ ደስ ይለኛል። ገሚሳችሁ ከዩኒቨርሲቲው ወጥታችኋል፣ ገሚሳችሁ ስልካችሁ ላይ ብቻችሁን የተማራችሁ ናችሁ። መንገድ ላይ ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ ግን አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ምን ዓይነት ቪዲዮ ነው የሚሄደው?»

ጥያቄው አይከፋም፤ መልሱ ግን ቪዲዮው ውስጥ የለም። በ2017 ዓ.ም. ዓለም ላይ ብዙ የተወራላቸውን ማስታወቂያዎች ቁጭ ብዬ አይቻቸዋለሁ። ከሁሉም የበለጡብኝን የሠሩት ሰዎች ካሜራ ከመክፈታቸው በፊት ወይ ዕቃው ላይ ወይ ዕቃውን የሚጠቀመው ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ተክለዋል። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከቫዝሊን ልጀምር። ቫዝሊን የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ልጅ ታጥቦ ሲወጣ ፊቱን እንቀባዋለን፣ ከንፈር ሲደርቅ እንፈልገዋለን፣ ቸኩሎ ጫማውን የሚወለውልበትም አለ። ሰው በየአገሩ ኩባንያው ባላሰበው መንገድ ሁሉ ሲጠቀምበት፣ ያንንም ቪዲዮ ቀርጾ ሲለቅ ኖሯል። ኩባንያው ታዲያ ዝነኛ ሰው ፍለጋ አልሄደም። ሰዎቹ የሚሉትን ሰብስቦ ላቦራቶሪ አስገባው። የሚሠራውን «ተረጋግጧል» ብሎ መሰከረለት፣ የማይሠራውን ደግሞ አይሠራም አለ። ይህ ሥራ ሰኔ 2017 ፈረንሳይ አገር በተካሄደው የካን ላየንስ ዓለም አቀፍ የማስታወቂያ ውድድር በማኅበራዊ ሚዲያ ዘርፍ ግራንድ ፕሪውን፣ ማለትም የዘርፉን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ልብ በሉ፣ ይዘቱን የፈጠረው ደንበኛው ነው። ኩባንያው አዳመጠ፣ ከዚያ እውነት መሆኑን ፈተነ።

ይሄ ለትልልቆቹ ብቻ የተሰጠ አይደለም። አጂፕ አካባቢ የፀጉር ቅባት የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ ሲገዙ ምን ብለው እንደሚጠይቋት፣ ሲመለሱ ደግሞ ምን እንደሚነግሯት ደብተር ላይ ብትይዝ፣ ለወራት የሚበቃ ይዘት እጇ ላይ አለ። እናንተ ለእሷ ልትሠሩላት ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቋት ይህንኑ ይሁን። ሎጎ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህም ይበልጥብኛል። አክሳ የሚባል የፈረንሳይ ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። የቤት ኢንሹራንስ ውሉ ላይ ቤት ቢቃጠል ወይም ጎርፍ ቢገባ ደንበኛውን በአስቸኳይ ሌላ ማረፊያ እንደሚያገኝለት የሚናገር አንቀጽ ነበር። እዚያ ላይ ሦስት ቃል ጨመሩና የቤት ውስጥ ጥቃትንም አስገቡበት። በቃ። ባሏ የሚደበድባት ሴት ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው በዚያው ውል ከቤት ወጥታ መጠጊያ ታገኛለች። ማስታወቂያው የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚናገረው ነገር ስለነበረው ማጋነን አላስፈለገውም። ካን ላይ ታይታኒየም በሚባለው ዘርፍ ግራንድ ፕሪውን ያሸነፈው እሱ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሳስብ የእኛ አገር አሠራር ያንገበግበኛል። እኛ ጋ የማስታወቂያ ሰው የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ዕቃው ተመርቶ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ ማሸጊያው ታትሞ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ «በሉ እንግዲህ አስተዋውቁልን» ይባላል። እናንተ ወጣቶች ይህን መቀየር ትችላላችሁ። ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ ቪዲዮ ከማውራታችሁ በፊት ጠይቁ። ደንበኛ ምን ብሎ ነው የሚያማርረው? ዕቃ ሲመለስ ምን ይደረጋል? ሰው ስልክ ሲደውል ማን ያነሣል? ከነዚህ ውስጥ አንዷን ካስተካከላችሁ የምታወሩት ነገር አገኛችሁ ማለት ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ሊለው ይችላል፤ በትሕትና ግን ሳትፈሩ ንገሩት።

አሁን ወደምትወዱት ልምጣ። ዱዎሊንጎ የሚባለው የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ የካቲት 2017 ላይ መለያው የሆነው አረንጓዴ ጉጉት «ሞተ» ብሎ አወጀ። ዓለም ተንጫጫ፣ ሌሎች ኩባንያዎችም እየተከተሉ ሐዘናቸውን ገለጹ። ብዙዎቻችሁ ይህን አይታችሁ «እኛም እንዲህ ዓይነት ጉድ እንሥራ» ብላችኋል። እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት። አንደኛ፣ ጉጉቱ ለዓመታት «የዛሬ ትምህርትህን አልሠራህም» እያለ ሰውን ሲነዘንዝ የኖረ ነው፤ ሞቱ ወሬ የሆነው ሰው ስለሚያውቀው ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ብልሃት አለበት። ጉጉቱን ለማስነሣት ተጠቃሚው መተግበሪያው ላይ ገብቶ ትምህርት እየሠራ ነጥብ መሰብሰብ ነበረበት። ጨዋታው ሰውን የመለሰው ወደ ዕቃው ነው። እኛ ስንት ጊዜ ነው ሰው አስቀን፣ ቪዲዮው ተሰራጭቶ፣ የማን ማስታወቂያ እንደነበር ግን አንድም ሰው ሳያስታውስ የቀረው!

ደግሞ አደራ፣ በሞት አትጫወቱ። እኛ ጋ «ሞተ» ማለት መርዶ ነው። ድንኳን ተክሎ የሚያለቅስ ጎረቤት ባለበት ሰፈር ውስጥ «የሱቁ ባለቤት ሞተ» የሚል ፖስተር ለቅናሽ ብላችሁ ብትለጥፉ ሰው ይቀየማችኋል፣ ቅያሜውም ልክ ነው። የሰውን ሐሳብ ስትወስዱ ሐሳቡ የተወለደበትን አገር ጠባይም አብራችሁ መርምሩ።

ስለ ፍጥነት አንዲት ነገር ብቻ። ሐምሌ 2017 ላይ አስትሮኖመር የሚባል የአሜሪካ ዳታ ኩባንያ ባልና ሚስት ያልሆኑ ሁለት ኃላፊዎቹ ኮልድፕሌይ በሚባለው ባንድ ኮንሰርት ላይ ተቃቅፈው ካሜራ ውስጥ ስለገቡ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። በቀናት ውስጥ የባንዱን ዘፋኝ የቀድሞ ሚስት፣ ተዋናይት ግዊኔት ፓልትሮውን፣ ጊዜያዊ ቃል አቀባይ አድርጎ ቪዲዮ ለቀቀ። እሷም ስለ ቅሌቱ ትንፍሽ ሳትል ኩባንያው ምን እንደሚሠራ ተናገረች። ጎበዞች ናቸው። ግን ይህ እሳት ማጥፊያ ነው፤ ከእሱ ፍጥነትን ተማሩ እንጂ የዘወትር ሥራ አታድርጉት።

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን የሚከተለው ነው። በዚያው በካን፣ በዚያው ሰኔ፣ ዲኤም9 የሚባል የብራዚል ማስታወቂያ ድርጅት ግራንድ ፕሪ ከወሰደ በኋላ ሽልማቱ ተመልሷል። ለዳኞች ያቀረበው ማሳያ ቪዲዮ ውስጥ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተቀነባበረ ምስል ነበረበት፤ የቴሌቪዥን ዜና ቁራጭ ሳይቀር ተለውጦ ገብቷል። እዚህ የደረሰ ድርጅት ችሎታ አጥቶ አይደለም።

ይህን የማነሣው ነገሩ እኛም ሰፈር ስለገባ ነው። ያልተጻፈ የደንበኛ አስተያየት ስክሪንሾት እያስመሰሉ መለጠፍ፣ የዶክተር ድምፅ በኤአይ ሠርቶ ክሬም ማስተዋወቅ፣ «ሸልመናል» እያሉ ማንንም አለመሸለም። ይህ ማርኬቲንግ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን በግልጽ ይከለክላል። ጅማ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። እዚሁ ጅማ መርካቶ ላይ የዋሸ ነጋዴ ወሬው ቆጪ ሰፈር ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ኤአይን ተጠቀሙበት፤ ለረቂቅ፣ ለሐሳብ ማፍለቂያ፣ ለትርጉም ጥሩ አጋዥ ነው። ያልሆነውን ሆነ ለማለት ግን አትንኩት።

በቅርቡ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በርጩማ የሚሸጥ ልጅ ቪዲዮውን አሳየኝ። ሞቅ ያለ ሙዚቃ አለው፣ ምስሉ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ መጨረሻ ላይ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። «ማን ነው የሚጠርበው?» አልኩት። አጎቱ ነው፣ ከጓሮ። ሄደን አየነው። ሰውየው አንድ ሙሉ የዋንዛ ግንድ ይዞ በመጥረቢያ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ወደ መሮ ይሸጋገራል። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች ከዚያው ከአንዱ እንጨት ነው የሚወጡት። ሚስማር የለም፣ ኮላ የለም። መጨረሻው አካባቢ እግሩ ቢሰነጠቅ የዋለበት ሁሉ ማገዶ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚመታው። እግሩ ለምን ሦስት እንደሆነም ነገረን። ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆን እንኳ ሦስት እግር አይወዛወዝም።

ይህ ሁሉ ቪዲዮው ውስጥ አልነበረም! ልጁን ሙዚቃውን አጥፋው፣ የመሮውን ድምፅ አሰማ፣ የአጎትህን እጅ አሳይ፣ ዋጋውን በግልጽ ጻፍ አልኩት። አዲስ አበባ ተቀምጦ የጅማ በርጩማ የሚፈልግ ሰው ለምን ያን ያህል እንደሚያወጣበት ማወቅ ይፈልጋል። «በውስጥ መስመር» የሚለው ደግሞ ገዢውን ያርቃል፤ ዋጋ የሚደብቅ ሰው እንደየሰዉ ፊት ይጠራል ተብሎ ይታሰባል።

ቡናችንን ተመልከቱ። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን ዓለም ገበያ ላይ የሚታወቀው በርካሽነቱ ነበር። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፤ አለቃቀሙና አደራረቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አጋሮ አካባቢ ዱሮሚና የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ቴክኖሰርቭ በተባለ ድርጅት እገዛ ማጠቢያ ጣቢያ አቋቁመው የታጠበ ቡና ማዘጋጀት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናቸው ዓለም አቀፍ ዳኞች በተገኙበት ውድድር ከአፍሪካ ምርጡ ተባለ። ገዢዎቹ ያንን ስም የያዙት ቀምሰውት ነው። ቡና ላይ መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ማጠቢያ ጣቢያ ሄዳችሁ አንድ የለቀማ ወቅት ዋሉ። ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ስትለዩ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡናውን ስታገላብጡ የምታገኙትን ታሪክ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አታገኙትም።

ጥሩ ሥራ ከሠራችሁ ደግሞ ስሙን አስከብሩ። መንግሥታችን በእኛ አቆጣጠር በ1997 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ስታርባክስ ከሚባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ጋር ብዙ ያጨቃጨቀው ይሄ ነው፤ ሰኔ 1999 ላይ በስምምነት አለቀ። አገር ለስም ይህን ያህል ከታገለች እናንተም ለደንበኛችሁ ያወጣችሁትን ስም ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት አስመዝግቡለት። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ስም ቀድሞ አለመያዙን አጣሩ። ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይታደሳል፤ የሚታደስበትን ቀን ለባለቤቱም ለራሳችሁም ስልካችሁ ላይ ያዙት።