መናፍቃንን ያቃጠለው ማነው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይስ መንግሥት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስለ አውሮፓው ኢንኩዊዚሽን (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃንን ስለምትመረምርበት ፍርድ ቤት) ስንከራከር እሱ "ቤተ ክርስቲያን ማንንም ገድላ አታውቅም፣ የገደሉት ነገሥታቱ ናቸው" ይላል፣ እኔ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እንዳቃጠለች ነው የሰማሁት። ማናችን ነን ልክ? ነገሩስ ከመጀመሪያው የነበረ ነው ወይስ በኋላ የመጣ? ፕሮቴስታንቶቹስ እጃቸው የለበትም?

መልስ፦ ከመጀመሪያው አልነበረም፣ እሱን አስቀድሜ ልበል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ325 ኒቅያ ላይ አርዮስ ሲወገዝ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ በግዞት ላከው እንጂ አልገደለውም። በኑፋቄ ጭቅጭቅ ምክንያት አንድ ክርስቲያን በክርስቲያን ገዢ ሲገደል የመጀመሪያው የሚባለው ከዛ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ ፕሪሲሊያን የሚባል የስፔን ጳጳስ ትሪር ከተማ ላይ ተሰየፈ፣ ክሱ ላይ የተጻፈው ግን ጥንቆላ ነው። እና ማን ተቃወመ መሰለዎት፣ ራሳቸው ጳጳሳቱ! የቱሩ ማርቲን እንዳይገደል ንጉሡን ለምኖ ነበር፣ የሚላኑ አምብሮስም ከከሳሾቹ ጳጳሳት ጋር ኅብረት የለኝም አለ። ይሄን የማነሳው "የዘመኑ አስተሳሰብ ነው፣ ምን ይደረግ" የሚለው መልስ ስለማይዋጥልኝ ነው፣ በዘመኑም ነውር መሆኑን ያወቁ ነበሩ።

ከዛ በኋላ አውግስጢኖስ መጣ። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ከተለዩት ዶናቲስቶች ከሚባሉ ክርስቲያኖች ጋር ሲከራከር መጀመሪያ በማስገደድ አያምንም ነበር፣ የመንግሥት ቅጣት ሰዎችን ሲመልስ ካየ በኋላ ግን ሉቃስ 14 ላይ ያለውን "ይገቡ ዘንድ ግድ በላቸው" የሚለውን ቃል ለማስገደድ ጠቀሰው። ሞት ግን አይፈረድባቸው ይል ነበር፣ በኋላ የመጡት ጥቅሱን ወስደው ማሳሰቢያውን ተዉት።

እሳቱ በደንብ የሚጀምረው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፣ በ1022 ኦርሌያን ላይ ካህናት ጭምር ተቃጠሉ፣ በ1209 ደግሞ ደቡብ ፈረንሳይ ያሉትን፣ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ያለቻቸውን ካታሮች ለማጥፋት የመስቀል ጦርነት ታውጆ ቤዚዬ የምትባለው ከተማ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። ከ1231 ጀምሮ ፖፕ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ መርማሪዎችን መሾም ጀመረ፣ ብዙዎቹ የዶሚኒካን መነኮሳት ናቸው፣ ኢንኩዊዚሽን የምንለው ይሄ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለው ካዩት ከእሳቱ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራው። መርማሪው ከተማ ሲገባ ሕዝቡን ሰብስቦ ይሰብካል፣ ከዛ ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር የሚሆን የምሕረት ጊዜ ያውጃል፣ በዚህ ጊዜ ራሱ መጥቶ የተናዘዘ ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ግን ኑዛዜው ሙሉ የሚሆነው የሌሎቹንም ስም ሲጠራ ነው። እስቲ ያስቡት፣ ጎረቤትዎ ዛሬ ገብቶ ወጣ፣ ስምዎን ይጥራ አይጥራ አያውቁም፣ ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው። ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበት አይነገረውም፣ የሚችለው ነገር ቢኖር ጠላቶቼ ናቸው የሚላቸውን ሰዎች ስም ማስመዝገብ ነው፣ መስካሪው ከነሱ መሃል ከተገኘ ምስክርነቱ ውድቅ ሊሆንለት ይችላል። በ1252 ደግሞ ፖፕ ኢኖሰንት አራተኛ አካል እስካልጎደለና ነፍስ እስካላለፈች ድረስ አሰቃይቶ ማናዘዝን ፈቀደ።

ፍርዱ ግን ሁሌ ሞት አልነበረም። ከ1307 ጀምሮ ቱሉዝ ላይ መርማሪ የነበረው በርናር ጊ ከቀጣቸው ከ600 በላይ ሰዎች መሃል ለእሳት አሳልፎ የሰጠው 40 ገደማ ነው። የቀሩት ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ ሩቅ አገር ሄደው እንዲሳለሙ ቀኖና ተሰጣቸው፣ ወይ ደግሞ ልብሳቸው ላይ ከፊትና ከኋላ ቢጫ መስቀል እንዲሰፉ ታዘዙ፣ መስቀሉን ያደረገ ሰው የሰፈሩ መሳለቂያ ነው የሚሆነው። ከሞተ በኋላ የተፈረደበት እንኳን አጥንቱ ተቆፍሮ ይቃጠላል፣ ልጆቹም ንብረቱን ያጣሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ክርክር እንምጣ። ካህን ደም አያፈስም የሚል ሕግ ስላለ አልመለስም ያለውን ወይም ተመልሶ ደግሞ የወደቀውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ለዓለማዊው ዳኛ ነው አሳልፋ የምትሰጠው፣ እንዲያውም ሞትና አካል መቁረጥ ይቅርለት የሚል ልመና ይጨመርበታል። ዳኛው ልመናውን የምር ቢቀበልስ? በ1215 ሮም ላይ የተደረገው የላተራን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አገሩን ከመናፍቃን ያላጸዳ ገዢ ይወገዝ፣ ዓመት ሙሉ ካልታረመ ደግሞ ፖፑ ተገዢዎቹን ከታማኝነት መሐላ ይፍታቸው ብሎ ወስኗል፣ የ1252ቱ የፖፕ ኢኖሰንት ትእዛዝም የሰሜን ኢጣሊያ ከተሞች ሹማምንት የተሰጣቸውን ሰው ቢበዛ በአምስት ቀን እንዲቀጡ ያስገድዳል። ስለዚህ እንጨቱን የለኮሰው የመንግሥት ሰው ነው፣ ይሄ ልክ ነው፣ እንዳይለኩስ መንገዱን ሁሉ የዘጋችበት ግን ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ከደሙ ነጻ ናት ለማለት አልችልም።

ሚሊዮን የሚለውን ግን እርስዎም ይተዉት። በጭካኔው ስሙ የገነነው የስፔኑ ኢንኩዊዚሽን እንኳን ከ1478 ጀምሮ ባሉት ሦስት መቶ ተኩል ዓመታት ያስገደለው ሰው ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከ3,000 እስከ 5,000 ነው። ቁጥሩ አነሰ ብሎ ነገሩን ማቅለል ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ነው።

ፕሮቴስታንቶቹም አሉበት። ሚካኤል ሰርቬተስ ሥላሴን ካደ ተብሎ ካቶሊኮቹ ሊያቃጥሉት ሲሉ ከእስር ቤት አምልጦ ጄኔቫ ገባ፣ እዛ ደግሞ የከተማው የፕሮቴስታንቶች መሪ ካልቪን አሳሰረው፣ በጥቅምት 1553 ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ካልቪን በሰይፍ ይሁንለት ብሎ ነበር፣ የከተማው ምክር ቤት አልተቀበለውም። ባዝል ላይ የነበረው ሴባስቲያን ካስቴልዮ ሰውን መግደል ትምህርትን መጠበቅ አይደለም፣ ሰውን መግደል ነው ብሎ በጽሑፍ ተቃወመ፣ ያኔ የሰማው ጥቂት ነው። እንግሊዝ ውስጥ በኑፋቄ የመጨረሻው ሰው የተቃጠለው በ1612 ነው፣ ስፔን ውስጥ ደግሞ በ1826 እንኳን ካዬታኖ ሪፖል የሚባል የቫሌንሲያ አስተማሪ በስቅላት ተቀጥቷል፣ ኢንኩዊዚሽኑ እዛ በይፋ የተዘጋው በ1834 ነው።