ፊት ላይ የተጻፈው ቁጥር

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ሽምብራ ሲቆላ የሚመስል ድምፅ ባለው ኪቦርዴ ነው። አይቢኤም ሞዴል ኤም ይባላል፤ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንዲት ሞላ አለች፤ ስትጫኗት ወደ ጎን ትጎብጥና «ቀጭ» ትላለች። ፊደሉ መግባቱን ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ያውቃል።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ 20 ዓመቴ ነበር። የሰጡኝ የአማርኛ ኦሊቬቲ ነው። በ1982 ኮምፒውተር መጣ። ክፍሉ በቁልፍ ይዘጋል፤ ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ማታ ማሽኑ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሳላጠፋው አልብሼው ሄጄ፣ ጠዋት ሳገኘው እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በ1990 ያረጁ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲሸጥ ሰው ሁሉ ሞኒተር ሲሻማ እኔ ይህን ኪቦርድ በሻይ ዋጋ ይዤ ወጣሁ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቁልፎቹን ነቅዬ በኦሞ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ ታንኳ የምታደርቅ የሐይቅ ዳር ሰው ነው የምመስለው። ፊደሎቹ እስከ ዛሬ አልደበዘዙም። ቀለሙ ፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገ እንጂ ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም።

ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ግን ስለ ሌላ ማሽን ነው።

በ1987 እቁብ ወጣልኝ። እናቴ ጥጃ ያላት ላም ግዢበት አለችኝ። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ 486 የሚባል ኮምፒውተር ገዛሁ። ኬዙ ፊት ላይ በአረንጓዴ መብራት 66 ይላል። ሻጩ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ስልሳ ስድስት ሜጋኸርዝ ነው፣ እህቴ! እንደሱ ያለ ባሕር ዳር አታገኚም» አለኝ። አጠገቡ ቱርቦ የሚባል ቁልፍም ነበረው። ስሙን ሰምታችሁ ፍጥነት የሚጨምር እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ማዘግየት ነው። በቀርፋፋ ማሽን ልክ የተሠሩ የድሮ ጨዋታዎች በፈጣኑ ላይ እየበረሩ ስለሚያስቸግሩ ማሽኑን የሚያረግብ ቁልፍ ነው። ሞኒተሩን ጭኔ ላይ ታቅፌ የዓባይን በረሃ ተሻገርኩ። ቤት ገብቼ ከተከልኩት በኋላ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ 66ቷን ብቻ ቁጭ ብዬ አያት ነበር። ላሟን የረሳሁት በእሷ ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በ1989 ክረምት ግን ማሽኑ ጠዋት ሲነሣ ዓመቱን እ.ኤ.አ. 1980 ይለኝ ጀመር፤ ሃርድ ዲስኩንም አላውቀውም ይላል። በየቀኑ ከወረቀት እያየሁ የዲስኩን ልክ መልሼ አስገባለታለሁ። ሲሰለቸኝ ካቻቪቴ ተዋስኩና ከፈትኩት። የራሴን ዕቃ ውስጡን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄ ተንቀጥቅጧል።

የዚያን ዘመን ማዘርቦርዶች፣ ማለት ሁሉ ነገር የሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች፣ ሰዓታቸውንና መረጃቸውን የምትይዝ እንደ ትንሽ በርሜል የተሠራች ባትሪ ነበረቻቸው። ስታረጅ ታለቅሳለች። የእኔዋም አልቅሳ ዙሪያዋን አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር አልብሳዋለች፤ ፈሳሹ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች መብላት ጀምሯል። ሬዲዮ የሚጠግን ጎረቤቴን ብጠይቀው «ሎሚ አምጪ» አለኝ። የፈሳሹ ጠባይ አሲድን የሚቃረን ስለሆነ የሎሚ ውሃ ያከሽፈዋል። የዘጌ ሎሚ ጨምቄ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል አጥቤ አደረቅሁት። በተነቀለችው ባትሪ ፈንታ አራት የባትሪ ድንጋይ በሽቦ አያይዘን ለውጭ ባትሪ በተሠራው መሰኪያ ላይ ሰካን። ተነሣ!

ታዲያ እየጠረግሁ ሳለሁ ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል፣ ላይ የተቀመጠችውን ማራገቢያም አነሣኋት። ሥሯ የተጻፈው ዲኤክስ2-66 አልነበረም። ዲኤክስ-33 ነበር፤ ፍጥነቱ ሻጩ ያለው ግማሽ ነው።

ፊት ላይ ያለው ቁጥር ለካ ምንም አይለካም። ከጀርባው ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች ተደርድረዋል፤ የትኛው የብርሃን ሰረዝ እንደሚበራ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሻጩ ቢፈልግ 99 ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ማፈሩ ነው 66 ላይ ያቆመው። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም። እናቴ ስለ ላሟ ምንም አላለችም፤ ያ ደግሞ ይብሳል። በማግስቱ ጃምፐሮቹን ነቅዬ 33 አደረግኋቸው። ይገርማችኋል፣ ማሽኑን ከልቤ የወደድኩት ከዚያ በኋላ ነው። 66ቱን እወደው የነበረው ሌላ ሰው ስለነገረኝ ነው፤ 33ቱን ያገኘሁት ግን በራሴ ካቻቪቴ ነው።

እናንተ «እኛን እንዲህ ማን ያታልለናል» ትሉ ይሆናል። ባለፈው ወር አንድ የፖሊ ተማሪ «ፎቶዎቼ ጠፉ» ብሎ ፍላሽ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ይላል። ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ነው ይላል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያምነው ፍላሹ ውስጥ ያለችውን መቆጣጠሪያ ቺፕ ነው፣ ቺፗ ደግሞ እንድትዋሽ ተደርጋለች። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፎቶ የሚሄድበት የለውም። ስሙ ይታያል፣ ሲከፍቱት የለም። ፍላሽ ስትገዙ እምነት ሳትጥሉበት በፊት ጫፉ ድረስ ሙሉትና የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡ፤ ሌላ መለኪያ የለውም። በሌላ በኩል 500 ጊጋባይት ዲስክ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 465 ቢላችሁ ከሻጩ አትጣሉ። ፋብሪካው በ1000 እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ ይቆጥራል እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ነገሩን ለገዢም ለሻጭም ስናገር ኖሬአለሁ፤ አንዳንዱ አሁንም ሰረቁኝ ብሎ ይሄዳል።

ፊደላችንም እንደዚያ ነበር። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ዘመን «ሰላም» ብዬ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ሰላም ነው፤ ውስጡ ግን የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቦታ ነበር፣ የግዕዝ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ያው ፋይል ሌላ ፕሮግራም ወዳለበት ማሽን ሲሄድ የቁራ ጭረት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ የዓለም ፊደሎች የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ፣ ነው ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር የሰጠው፤ ሀ 4608 ሆነች፣ የትም ብትሄድ 4608 ናት። የአባቶቻችሁን የቆዩ ጽሑፎች በፍሎፒ ወይም በሲዲ ካገኛችሁ የሚያነብላችሁ ማሽን ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ አዛውሯቸው። እኔ ዘግይቼ አንድ ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ሻግቶብኛል።

ቁጥሩን ንቄ የተቃጠልኩበትም ቀን አለ። በ1996 ለአንድ ትምህርት ቤት ከውጭ በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች እንድተክል ተጠራሁ። ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለማሽኑ የሚሰጠው ሣጥን፣ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለ። የመጡበት አገር መብራት 115 ቮልት ገደማ ነበር፤ የእኛ 220 ነው። እኔ ፊት ፊቱን እያየሁ ጀርባውን ሳላይ ሰካሁት፤ እንደ ጥይት ጮኸ። ሶኬቱ ነው ብዬ ሁለተኛውን በሌላ ሶኬት ሰካሁ፤ እሱም ጮኸ። ማንሸራተቻው 115 ላይ ሲሆን ውስጡ ያለው ዑደት የሚገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርጋል፤ በእኛ 220 ላይ እጥፍ ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች አይችሉትም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው ነው።

ሐይቅ ዳር የምትሠሩ ደግሞ ትንኟን አትርሷት። ማታ በስክሪኑ ብርሃን ትሳባለች፣ ማራገቢያው ወደ ውስጥ ይምጋታል። ፓወር ሰፕላይ ስከፍት እንደ ጤፍ የተጠቀጠቀ ትንኝ ያወጣሁባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። በክረምት መግቢያና መውጫ ጥረጉ።

ከሁሉ የምወደው ላፕቶፕ በ2001 ያገለገለ የገዛሁት ቲንክፓድ ቲ42 ነው። ክዳኑ ጫፍ ላይ ኪቦርዱን ወደ ታች የምታበራ ትንሽ መብራት ነበረችው። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተርባይን እያዞረ እኛ ሻማ በምናበራባቸው ምሽቶች በእሷ ስንት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ አንዴ ሽሮ ሳማስልም አብርታልኛለች። ግን የወደድኩት ለመብራቷ ብቻ አይደለም። አምራቹ የጥገና መመሪያውን ለፈለገ ሁሉ በነፃ ያወጣው ነበር፤ የትኛው ብሎን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ሳይቀር ተሥሏል። ውስጤን እዩ የሚል ዕቃ ነበር። አሁን ከምትገዟቸው ብዙዎቹ ራማቸው፣ የሥራ ጊዜ ማስታወሻቸው፣ በሰሌዳው ላይ የተበየደ ነው፤ የአንዳንዱም ባትሪ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሉ ከሻጩ ፊት ገልብጡትና ብሎኖቹን እዩ፤ ራሙና ዲስኩ የሚነቀል መሆኑን ጠይቁ። የሚያፍርባችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የ486ቱ ማዘርቦርድ በ1994 ሞተ፤ ሎሚውም አላዳነው። ኬዙን ግን አልጣልኩም። የፊቱን ቁጥር ነቅዬ በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ሰጥቼው መደርደሪያ ላይ አቁሜዋለሁ። በየመስከረሙ ጃምፐሮቹን አንሥቼ ዕድሜዬን አደርግበታለሁ። ዘንድሮ የልጅ ልጄ «እኔ ልሥራው» ብሎ ካቻቪቴ ይዞ ጓዳ ገባ፤ ሲመለስ 66 ይላል። «ገና 59 ነኝ፣ መልሰው» አልኩት።