ኪውሲ ሆኜ ብገባ ኦፕሬሽን ማናጀር እሆናለሁ?

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ ካለው ንግድ ሥራ ኮሌጅ በማኔጅመንት ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ በኪውሲነት (በጥራት ተቆጣጣሪነት) ጠርቶኛል። ጓደኞቼ «ክር ስትቆርጪ ልትኖሪ ነው» ይሉኛል። የምመኘው ኦፕሬሽን ማናጀር መሆን ነው። ልግባ ወይስ የባንክ ማስታወቂያ ልጠብቅ? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ላይኑ (የስፌት መስመሩ) መጨረሻ ያለው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ካስቀመጡሽ ደህናውን ከተበላሸው ስትለዪ ትውያለሽ፤ ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቅሽ የለም። ኢንላይን፣ ማለትም ስፌቱ እየተሠራ ባለበት መሃል ላይ፣ ከመደቡሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከማሽን ማሽን እየዞርሽ ኦፕሬተሯ ከሰፋችው ጥቂት ታያለሽ፣ ስፌቱ ከዘለለ መርፌው ይሁን የክሩ ውጥረት ወይስ የእጇ አያያዝ እዚያው ትለያለሽ። ፕሮዳክሽን የሚባለውን ነገር ከዚህ በላይ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም።

ኳሊቲና ምርት የሚጣሉ የሚመስላቸው ሱፐርቫይዘሮች ብዙ ናቸው፤ «ኪውሲ ላይን ያስቆማል» ይላሉ። እስኪ እናስላው። አንድ ላይን በቀን 1000 ሸሚዝ ያወጣል እንበል። ከመቶው አሥሩ ለሪወርክ (ለእርማት) ቢመለስ 100 ሸሚዝ ነው። አንዱን ፈትቶ መልሶ መስፋት 5 ደቂቃ ቢወስድ 500 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው፤ የአንዲት ኦፕሬተር የ8 ሰዓት ሥራ ደግሞ 480 ደቂቃ ነው። ኮሌታውን ለማረም አንዷ ስትቆም ከኋላዋ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው የሚጠብቁት ገና አልተቆጠረም።

ትልቁ ኪሳራ ግን መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ባየሮች (ልብሱን ያዘዙ ገዢ ድርጅቶች) ምርቱን በናሙና ያስፈትሻሉ። በተለመደው የ2.5 ኤኪውኤል (ተቀባይነት ያለው የጉድለት ደረጃ) መለኪያ ከ2000 ልብስ 125 ይመዘዛል። እስከ 7 ጉድለት ያልፋል፤ 8 ከተገኘ ኦርደሩ በሙሉ ተመልሶ ይፈተሻል። ያ ሲሆን ጅቡቲ ላይ መርከቡ ያመልጣል፣ ዕቃው በአውሮፕላን እንዲሄድ ከተገደደ ደግሞ ትርፉን ጭነቱ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ከወጣች ወዲህ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድሉ የለም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ በእንዲህ ያለ ስህተት ላይ የሚባክን ትርፍ የላቸውም። የተዘጉ ፋብሪካዎች እንዳሉም ሰምተሽ ይሆናል፤ ዘርፉ ስጋት የለበትም ብዬ አልዋሽሽም።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ዲኤችዩ በየስንት ሰዓቱ ትመዘግባላችሁ? ቁጥሩ ከፍ ሲል ማን ምን ያደርጋል?» ከመቶ ልብስ ስንት ጉድለት እንደተገኘ የሚያሳየው ይህ ቁጥር በየሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሱፐርቫይዘሩና መካኒኩ የሚሰባሰቡበት ከሆነ ግቢ። «ለሪፖርት ነው» ካሉሽ ተጠንቀቂ። ግድግዳው ላይ ያለው የካይዘን ፖስተር አያታልልሽ፤ ፖስተር መለጠፍ ቀላል ነው።

ከገባሽ በኋላ በየቀኑ የበዙትን ሦስት ጉድለቶች በደቂቃና በብር እያሰላሽ ለራስሽ መዝግቢ። ወደ ፕሮዳክሽን ፕላኒንግ ወይም ወደ ላይን ኃላፊነት ለመሻገር ስትወዳደሪ ከዲግሪሽ ይልቅ ያ ደብተር ይናገርልሻል። ባንኩን በተመለከተ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፤ እሱን እየጠበቅሽ ግን ቤት አትቀመጪ።

ሰርቪሱ ከየት እንደሚነሳ ሳትጠይቂ ደግሞ አትፈርሚ። ከሜክሲኮ ቦሌ ለሚ በየቀኑ በታክሲ ከተመላለስሽ ከደመወዝሽ የሚተርፍሽ ትንሽ ነው።