በነፃ የጻፍኩትን ቆራረጡት፤ ልተወው?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ብዙ ጥያቄ አለው፤ እንግሊዝኛሽ ይበቃ እንደሆነና ውድ ሥልጠና መግዛት ይኖርብሽ እንደሆነም ጠይቀሻል። ንዴቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ለአንድ ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) የቢሮ ፕሮግራም በበጎ ፈቃድ የእገዛ ገጽ ትጽፊያለሽ። ፕሮግራሙ በድንገት ሲዘጋ ሴቭ ያልተደረገ ሰነድ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሳምንት ሙሉ ለፋሽበት። ገምጋሚው ግማሹን ቆርጦ የቀረውን ቀይሮ አወጣው። «በነፃ ለሠራሁት ይኼ ነው ምስጋናው?» ብለሻል። አባትሽም «ድሮም ብዬሻለሁ» እያሉ ወደ ሒሳብ ሥራ ይገፉሻል።

አትተዪው።

የላክሽልኝን ሁለቱን ስሪቶች ጎን ለጎን አየኋቸው። አንቺ «እነዚህን ደረጃዎች ከተከተሉ ሰነድዎ ይመለሳል» ብለሻል። ገምጋሚው «ፕሮግራሙ በራሱ የያዘው ቅጂ ካለ፣ ሰነዱን እስከዚያ ቅጂ ድረስ መመለስ ይቻላል» አደረገው። ያንቺው ያምራል። እውነቱ ግን የሱ ነው። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ቅጂ የሚይዝ ከሆነ፣ ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። ያን ገጽ የሚከፍተው ደግሞ ነገ የሚያስረክበው ሥራ የጠፋበት፣ የሚይዝ የሚጨብጠው ያጣ ሰው ነው። «ይመለሳል» ብለሽው ካልተመለሰለት፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሪውን አያምንም። ሰነድ ለምን እንደሚጠፋ የጻፍሻቸው ሦስት የመግቢያ አንቀጾችም ለዚያ ሰው ጊዜያቸው አይደለም። እሱ የሚፈልገው የቱን እንደሚጫን ብቻ ነው።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት የሶፍትዌር መመሪያ አርሜያለሁ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገር አርታኢ የሌለው የእገዛ ገጽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንዱ ጸሐፊ «ሰርዝ» ያለውን ቁልፍ ሌላው «አጥፋ» ይለዋል። ከአዲሱ ስሪት የወጣ ምናሌ በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ሁሉም ይጨምራል፤ የሚቀንስ አይገኝም። በድረ ገጽ ማሰሻው በፋየርፎክስ የእገዛ ገጾችም ማንም በጎ ፈቃደኛ ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል፣ ነገር ግን ገምጋሚ ካላጸደቀው ለአንባቢ አይወጣም። ይህ የጸሐፊውን ልፋት መናቅ አይደለም። ለአንባቢው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መኖር ስላለበት ነው።

ገምጋሚሽ ግን አንድ ነገር ላይ አጥፍቷል። ምክንያቱን አልጻፈልሽም። በጎ ፈቃደኛ ደሞዝ የለውም፤ ሥራው ለምን እንደተቆረጠ ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ ጠይቂው። «ጽሑፌን አበላሸኸው» ብለሽ አትጀምሪ። «ሦስቱን አንቀጾች ያወጣህበትን ምክንያት ብትነግረኝ ለሚቀጥለው ይጠቅመኛል» በዪው። ደጋግመሽ ጠይቀሽ ዝም ካለሽ፣ ያኔ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ሂጂ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰነድ እንደ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባለ፣ ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙበት በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ነው የሚወጣው። ሌሎች እንዲለውጡት ፈቅደሻል ማለት ነው። የቅጂ መብትሽን አሳልፈሽ እስካልሰጠሽ ድረስ ግን የራስሽን ረቂቅ ሌላ ቦታ ማውጣት ትችያለሽ። የፕሮጀክትሽን ፈቃድ ዛሬውኑ አንብቢው።

አባትሽ ስለ ገንዘቡ ልክ ናቸው። ኪራይ በምስጋና አይከፈልም። ለዚህ የበጎ ፈቃድ ሥራ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ብቻ መድቢ፤ በቀረው ጊዜ የሚከፈልበት ሥራ ፈልጊ። ጊዜያዊ የሒሳብ ሥራም ቢሆን ችግር የለውም። «ይኼ ሙያ አይደለም» ሲሉ ግን ተሳስተዋል። እርግጥ ዋስትናው ጠንካራ አይደለም። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 250 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ሲቀንስ፣ የድረ ገጽ ሠሪዎችን መመሪያ በደሞዝ የሚጽፉ ባለሙያዎችም ተነክተዋል። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ያንኑ መመሪያ ለሚጽፉ ሰዎች የሚከፍል ኦፕን ዌብ ዶክስ የሚባል ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ገንዘቡን በአብዛኛው ያዋጡት ኩባንያዎች ናቸው። ሥራው ይፈለጋል፣ ይከፈልበታልም። አባትሽን ለማስደሰት ብቻ ብለሽ ዕድሜሽን በማትወጂው ሙያ አትጨርሺ። በየጠዋቱ ተነስተሽ ወደዚያ ቢሮ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

ሲቪሽ ላይ የሚገባው የጽሑፎችሽ ርዕስ ብቻ እንዳይሆን። የለውጥ ታሪካቸውን ሊንክ ጨምሪበት። እዚያ ውስጥ የመጀመሪያው ረቂቅሽ፣ የተሰጠሽ አስተያየትና አንቺ ያስተካከልሽው በቀን በቀኑ ተቀምጧል። እኔ ጸሐፊ ስቀጥር መጀመሪያ የማየው ይህንን ነበር። አስተያየት የማይዋጥለት ሰው ጽሑፉ ቢያምርለትም አብሮ ለመሥራት ከባድ ነው።

እንግሊዝኛሽ ለእገዛ ገጽ ይበቃል፤ አጭር ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ የቀረውን አርታኢው ያቃናዋል። የጠቀስሽውን ውድ ሥልጠና አሁን አትግዢ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ራስሽ ገምጋሚ ለመሆን ሞክሪ። የሌሎችን ረቂቅ እያነበብሽ፣ ምክንያቱን እየጻፍሽ አስተያየት ስጪ። የድሮ ገጾችን ክፈቺና ስክሪንሾቶቹ ከአዲሱ ስሪት ጋር ይመሳሰሉ እንደሆነ፣ ሊንኮቹም ይሠሩ እንደሆነ ፈትሺ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። ስለዚህ ከዚያ ብትጀምሪ የሚከለክልሽ አይኖርም።